በመስቀል እሳት የማለው ኦይታ

እስቲ እዩት ያንን ሰው። አባያ ዳር፣ ፊላው ተመንጥሮ ታንኳ በሚወጣበት ቦታ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መረብ የሚጠግነውን። እጁን እዩ። መረቡ ተጠግኖ ካለቀ ቆይቷል። እሱ ግን የቋጠረውን ይፈታል፣ የፈታውን መልሶ ይቋጥራል፤ ያየው ሰው ሥራ ላይ ነው እንዲለው። ዛሬ በዚህ ዳርቻ ሥራ ያለው ሰው የለም። የመስቀል ዋዜማ ጠዋት ነው። ታንኳዎቹ ተገልብጠው ተደርድረዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንኳ የሚለቅሙት የዓሣ ሆድ ዕቃ አጥተው እንደ ከሳሽ ቆመዋል።

ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር የሚነሳው መኪና ሁሉ ወደ ጨንቻ ነው። አይሱዙው ሰው በሰው ላይ ጭኖ እየዘፈነ ይወጣል። ሸማኔው፣ ተሸካሚው፣ ቢሮ የሚውለው፣ ዓመቱን ሙሉ ከአፉ ነጥቆ ያስቀመጠውን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ይወጣል። የተጣላ ሳይታረቅ፣ ነገር በሆዱ የያዘ ሳይናገር የመስቀል እሳት አይሞቅም፤ ደንቡ ነው። በመስቀል ያልወጣ የጋሞ ልጅ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል ይባላል። ኦይታ አልታሰረም። አልሞተምም። ሁለት መስቀል እዚህ ድንጋይ ላይ አልፎበታል፤ ይህ ሦስተኛው ሊሆን ነው።

ሀሺሽ ያጨሳል። ይኸው ነገርኳችሁ። አሁን «እህ፣ ሱሰኛ ነው እንዴ!» ብላችሁ ልታልፉት ነው። ቆዩ። የምትቸኩሉበትን አውቃለሁ፤ የትም አትደርሱም።

ኦይታ ወታደር ነበር። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ባዶ እጁን ተራራውን መውጣት አፈረ። «ትንሽ ይዤ እወጣለሁ» ብሎ ሐይቁ ዳር ቀረ። ኤርጫፎ የሚባል የዚያው ዳርቻ አሮጌ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ወሰደው። ሥራው እንዲህ ነው፦ መረብ ወደ ማታ ይጣላል፣ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። በመካከል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። ሚስትና ልጅ ያለው ቤቱ ይገባል። የሌለው ዳርቻው ላይ ተኮራምቶ ከትንኝ ጋር ይታገላል፤ ጉማሬ ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ያለፈውን ያስባል። ዘካሪያስ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ዘካሪያስ ከጭነት መኪና የወረደ ረዳት ነው፤ መኪናው ጥሎት ሄዶ እዚያው ቀረ። ከሾፌሮቹ የሚያገኘውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልሎ ያጨሳል። «ና» አለው። ይኸው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። በዚያ ምሽት በአርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ኦይታን «ና» ያለው ዘካሪያስ ብቻ ነበር።

ጢሱ ለኦይታ ደስታ አልሰጠውም። ማታውን አሳጠረለት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ኦይታ ሆነ፤ የጠዋት ኦይታና የማታ ኦይታ። አይተዋወቁም። የማታው ያጨሳል፣ የጠዋቱ ያፍራል። የጠዋቱ ተነስቶ የተረፈውን ቅጠል ከነወረቀቱ ሐይቁ ውስጥ ይወረውራል፤ «በቃ፣ ትናንት የመጨረሻዬ ነበር» ይላል፤ ከልቡ ነው፣ አይዋሽም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ የማለው ሰው የት እንደሚገባ እንጃ። ሌላው ተነስቶ ዘካሪያስን ፍለጋ ይሄዳል፤ ጠዋት የወረወረውን ማታ እንደገና ይገዛል። ነገ፣ ነገ፣ ነገ። ነገ የሚባለው ቀን ግን ሁልጊዜ ጠዋት ነው የሚታየው፣ ማታ ላይ አይገኝም።

«መርጦ ነው» ይላሉ። አዎ፣ መርጦ ነው! ማን ክፉኛ ገፋው አለ? ግን መምረጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ክብሪት እንጨት ውሰዱና ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ያዙት። የጨንቻን ተራራ ይጋርዳል። ክብሪቱ ከተራራው በልጦ አይደለም፤ ቀርቦ ነው። ኦይታ ጠዋት ጠዋት ተራራውን ያይ ነበር፣ እናቱ ከነቤቷ፣ ከነቀርከሃዋ ትታየው ነበር። ማታ ክብሪቱ ይቀርባል። ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ እልከኛ አለመሆን ይበቃል።

ሁሉም «ተው» አሉት። ጸሎት ቤት የምትሄደው ጎረቤቱ ሣራ «ጌታን ተቀበልና ዛሬውኑ ተው» አለችው። የንስሐ አባት «ጠበል ግባና ተው» አሉት። ፖሊስ በዱላ «ተው» አለው። ኤርጫፎም ከታንኳው አወረደው፤ ግን እሱ እንኳ በቀልድ ነው፦

«ኦይታ፣ አንተ አንዱን ጉማሬ ሦስት አድርገህ ታያለህ፤ እኔ ደግሞ እየቀዘፍኩ ሦስቱንም መሸሽ አለብኝ። ክንዴ አይችልም ወንድሜ። ውረድልኝ።»

ወረደ። መረብ ጠጋኝ ሆነ። ብቻውን።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልውሰዳችሁ። ጥፋቱ ማጨሱ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ገና አልሰማችሁኝም።

ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ አንድ መስቀል ወደ ላይ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻው ላይ፣ የመንደሩ ጉባኤ በሚቀመጥበት ሜዳ፣ ከእሳቱ በፊት ጠብ እየፈቱ ነበር። ኦይታ ማንም ሳይጠራው ተነሳ። ማጨሱን ተናገረ፤ እንደሚተውም አለ። የጉባኤው አዛውንት አባ ዳልጮ ደስ አላቸው።

«እንግዲያው መያዣ ስጥ ልጄ። አንድ በግ ይበቃል።»

«በግ ይተካል አባ። እኔ የማይተካ ነው የማሲዘው።»

«ምን?»

«ዳግመኛ ያንን ነገር አፌ ከከተትኩ የመስቀል እሳት አልሙቅ። ከእናቴ እጅ ቅቤ አልቅመስ።»

አባ ዳልጮ ለእርቅ የያዙትን እርጥብ ሣር ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጄ፣ ሌላ አሲዝ።»

«ብያለሁ አባ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ! ምን ዓይነት ወንድ ነው ተባለ። እናቱ እልል አለች። ትልልቅ ሰዎች ተነስተው አንገቱን አቀፉት። እኔ እዚያ ያጨበጨበውን ሁሉ ጆሮውን ይዤ ብጎትተው ደስ ይለኛል። ምን እያደረጉ እንደሆነ ያስተዋለ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱንም ማን ሰማው? ሰው ከገደል አፋፍ ላይ ቤቱን ሲሠራ «እንዴት ያምራል!» ይሉታል፤ ሲንሸራተት ደግሞ «ምን አስቸኮለው» ይላሉ።

እውነት ለመናገር መሐላው ሠራለት። በጋውን ሙሉ አልነካም። ኤርጫፎ መልሶ ታንኳው ላይ አስቀመጠው። ዘካሪያስን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር። ክረምት መጣ። ኤርጫፎን ወባ ጣለው፣ ታንኳው ዳር ላይ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ፣ ዝናቡ አላባራ አለ። ኦይታ ዳርቻው ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ብቻውን ማምሸት ጀመረ። ዘካሪያስ በጣሳ ሻይ ይዞለት መጣ። በሁለተኛው ምሽትም መጣ። በሦስተኛው «ለብርዱ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም» አለው። ኦይታ አንዴ ሳበ። አንዴ! ከዚያ የቀረውን ራሱ በውሃ አጥፍቶ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ምን ሆነ? እዚህ ጋ ነው ሆዴ የሚቃጠለው። በግ አሲዞ ቢሆን ኖሮ በጉን ይከፍላል፣ ያፍራል፣ ይሰደባል፣ ይቀጥላል። እሱ ግን ያስያዘው አገሩን ነው። አንዲት ጢስ አገሩን ወሰደችበት። ታዲያ ሁለተኛዋ ምን ትወስድበታለች? አንዲት ጢስም መስቀልን ታስቀራለች፣ ሺህ ጢስም ያንኑ መስቀል ታስቀራለች። ተቀምጦ አሰበበት፤ ጅል አይደለም፣ በደንብ አሰበበት። የሚጠብቀው ነገር የለም። የሚያተርፈው ነገር የለም። ማታውን ጠግቦ አጨሰ። እንዲጠብቀው ያቆመው ዘበኛ ራሱ በሩን ቆለፈበት።

ያንን መስቀል አልወጣም። የሚቀጥለውንም። ዛሬ እዚህ ድንጋይ ላይ ነው፤ ወደ መረቡ እንመለስ።

«መረቡ ምን በደለህ?» አለችው ከኋላው። «ስትፈታ ስትቋጥር ከዚያች ሾላ ሥር ቆሜ ሳይህ ቆየሁ።»

ታላቅ እህቱ ሻሺቱ ናት። ሲቀላ ገበያ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይዛ ትወርዳለች። ባዶ ቅርጫቷን አንግታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ቆመች። እሱ ዞር አላለም።

«እትዬ፣ መኪና ያመልጥሻል።»

«እኔ አልጠየቅሁህም ስለ መኪና። ስማኝ፤ መጀመሪያ የቀረህ ዓመት ለእማዬ ወባ ይዞት ነው አልኳት። ሁለተኛውን ዓመት ታንኳ የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ነው አልኳት። ዘንድሮ ምን ልበላት? አዞ በላው ልበላት?»

«በያት።»

«እንዲያውም ይሻል ነበር! ለቅሶውን ጨርሰን እናርፍ ነበር። አሁን እኮ የምትበላው ሥጋ ላይ ሁሉ ታለቅሳለች። የአንተን ድርሻ ከቅርጫው ታስነሳና ሰቅላ ታስቀምጣለች፤ ሲደርቅ ለልጆቹ ትሰጣለች።» ድምፅዋ ወረደ። «ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል ኦይታ። አሁን ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ዘንድሮ ካልሰማችህ ለከርሞ ቃል አልሰጥህም።»

መረቡ ከእጁ ወደቀ።

«ምያለሁ» አለ። «አፍርሻለሁም። ጎሜ አለብኝ።» ጎሜ የሚሉት ነውር የሠራ ሰው የሚሸከመውን ዕዳ ነው፤ ካልተናዘዙበት ከሰውዬው አልፎ ቤቱ ላይ ያርፋል። «ከነጎሜዬ እሳቱ አጠገብ ብቆም በእኔ አያበቃም። ከብቱ ላይ ይመጣል፣ አዝመራው ላይ ይመጣል። እሷ ላይ ይመጣል።»

«ለእሷ ብለህ ነው እንግዲህ የቀረኸው?»

«ለእሷ ብዬ ነው።»

«ስታጨስስ ለማን ብለህ ነው?»

ሐይቁ ቀዩን ውሃውን ድንጋዩ ላይ ያመጣል፣ ይመልሳል።

«ጎሜ በአፍ ገብቶ በአፍ ይወጣል» አለች ሻሺቱ። «ትናገራለህ፣ ሽማግሌ ይፈታሃል። ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን የሚያውቀውን ነው የምነግርህ።»

«ያጨበጨቡልኝ ፊት?»

«ያጨበጨቡልህ ፊት! ታዲያ የማን ፊት? የጉማሬ ፊት?»

ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም፤ ወዲያው ተወው። በዳርቻው በኩል ዘካሪያስ እየመጣ ነበር፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ እያፏጨ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም መስቀል የሚውልበት ቤት የለውም።

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ ኦይታ ቶሎ ብሎ። «እሺ እትዬ? ዛሬን ተዪኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ እነሳና...»

«ነገ እሳቱ አመድ ነው።» ክንዱን ያዘችው። «ኦይታ፣ ዓይኔን እየኝ። ተው አላልኩህም። ያልኩህ ና ነው። ዛሬ ማታ እዚያ ላይ አጭሰህም ቢሆን ና። ከእማዬ ቤት ኋላ ቀርከሃው ሥር ቁጭ ብለህ አጭስ፤ እኔ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ብቻ ና።»

ስንት ዓመት ሙሉ ሰዎች «ተው» ሲሉት የኖረ ሰው ነው። ይህችን አልጠበቃትም። ዘካሪያስ ደርሶ ሁለቱንም አያቸው። ማፏጨቱን አቆመ። «መኪናው ሊሞላ ነው፤ ሩጡ እንጂ» አለ፤ ሌላ ምንም አላለም። መረቡን እሱ ሰበሰበው።

አይሱዙው ላይ በኋላ በኩል አንድ እግር ማቆሚያ አገኙ። ሰው ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል። አንዱ ጎረምሳ «ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ማነው? ከሐይቁ አምልጦ የመጣ አለ!» አለ፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ኦይታ አልሳቀም። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ዶርዜ አካባቢ ጉሙ ሲቀበላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሊወርድ አስቧል። ሻሺቱ የኮቱን ጫፍ ይዛለች፤ እንደ ጥጃ።

ዱቡሻው ላይ የደረሱት ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ሲሉ ነው። አባ ዳልጮ «በሆዱ ነገር የያዘ የቀረ አለ?» ብለው ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቁ። ኦይታ ቆመ። ቃላቱ በአንድ ጊዜ አልወጡም።

«የማልኩትን አፈረስኩ» አለ። «ያን ዓመቱን ነው ያፈረስኩት፣ በክረምት። መጀመሪያ አንዴ ነበረች። ከዚያ ግን ሁሉንም። ሥራ በዝቶብኝ አልቀረሁም።»

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ «ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ እኮ ወባ ይዞት፣ ታንኳ ሲጠብቅ ነው ብለን!» አለና ሳቀ። ሻሺቱ ተነሳች፦ «ውሸቱ የኔ ነው። የምትስቅ ከሆነ በኔ ሳቅ።» ሳቁ ተቋረጠ።

አባ ዳልጮ እርጥብ ሣር በኦይታና በሻሺቱ እጅ ላይ አኖሩ፤ መረቁ፤ ፈቱ። ከዚያ እንደገና ቁጭ አሉ።

«አሁንስ ምን ታሲዛለህ?»

«ምንም አባ። የማሲዘው አልቀረኝም።»

«ጥሩ። ያኔም ከበግ በላይ እንድታሲዝ አልፈለግሁም። እንግዲያው ሕጉን እኔ ላውጣ። ባጨስክ ቁጥር በማግስቱ ትወጣለህ። በእግርህ ይሁን በመኪና የራስህ ጉዳይ ነው። ደጄ ትመጣለህ፣ አጨስኩ ትለኛለህ፣ የገብስ ቆሎ ትቆረጥማለህ፣ እናትህን ስመህ ትወርዳለህ።»

«ይሄማ ሽልማት ነው እንጂ ቅጣት ነው እንዴ!» አለ ያ የሳቀው ሰው።

«ዳገቱን አንተ ስለማትወጣው ነው» አሉት አባ ዳልጮ። «አንድ ጊዜ ሲያጠፋ ያራቅከው ሰው፣ ሁለተኛ ሲያጠፋ በየት በኩል ይመለስ? እኔ ሲያጠፋ እንዲቀርበኝ ነው የምፈልገው።»

እናቱ ቤት ሲገባ እሷ እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰች፤ «ድምፅህን» አለችው። «ኦይታ ነኝ እማዬ» አለ። ኮቱን አሸተተችው። «ጢስ ጢስ ይላል» አለ ራሱ ቀድሞ። «ዛሬ ጢስ ጢስ የማይል ማን አለ?» አለችና የገንፎውን ቅቤ በጣቷ አጉርሳ እጁን ይዛ ወደ እሳቱ ወጣች።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይላችኋል፤ አውቃለሁ። ግን እሳት ይጠፋል፣ ሰው ይወርዳል።

ኦይታ ወረደ። ዳርቻው ያው ነው፤ ማታው ያው ነው። ኤርጫፎ ገና ታንኳው ላይ አላስቀመጠውም። ዘካሪያስ አንድ ቀን ያገኘው መኪና ላይ ተሳፍሮ ሄደ፤ ደህና ሁን ያለው የለም። ኦይታ አሁን ብቻውን ያመሻል። አንዳንድ ማታ ዳገቱ ትዝ ይለዋል፣ ጉልበቱ ይነግረዋል፣ ይተወዋል። አንዳንድ ማታ አይተወውም። ያልተወው ዕለት በማግስቱ ይወጣል። «አንዴ ሄዷል፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ» የምትለው ሐሳብ ትመጣበታለች፤ ግን አሁን የሚቀር ነገር አለው። አንዲት ጢስ አንድ ዳገት ናት፤ ሁለት ጢስ ሁለት ዳገት። ይህን ሒሳብ ማታም ሆኖ ማስላት ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አባ ዳልጮም አላሰቡትም። መንገዱ ወሬ ያወራል። ኦይታ ወደ ላይ ሲሄድ የታየ ዕለት ማጨሱን ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዳገቱ ሥር ካለችው ከላንቴ ጀምሮ «ኦይታ፣ ዛሬም?» ይሉታል። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ትናንት ጣፍጦህ ነበር?» ይለዋል፤ ከዚያ አቧራ አልብሶት ያልፋል። የሚጭነው የለም። ልጆች የሚያጨሱ ይመስል ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይከተሉታል። ስለዚህ ሰው ሳይነቃ መነሳት ጀምሯል፤ መኪና ሲሰማ ከመንገድ ወጥቶ ቁጥቋጦ ሥር ይቆማል። በዚህ ወር አንድ ቀን አጭሶ ሳይወጣ ቀርቷል። አንድ ቀን። እናቱ እንደ ወትሮዋ በሩ ላይ ተቀምጣ ዳናውን ስታዳምጥ ዋለች።

ስለዚህ እናንተን እለምናለሁ፤ ቆጣ ብዬም ቢሆን እለምናለሁ። በጨንቻ መንገድ የምትነዱ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ገበያ የምትወጡና የምትወርዱ፦ ኮቱ ጠቆር ያለ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ወደ ላይ ሲሄድ ካያችሁ አትጠይቁት። ምክር አትስጡት፣ አትማሉለት፣ አታስምሉት። መኪናችሁን አቁሙና «ወደ ላይ ነህ? ግባ» በሉት። ሌላ ምንም እንዳትሉት።